መኪናው ሲንኳኳ አሞርዛተር ለመግዛት አትቸኩሉ፦ የስፖርት መኪና እግር እንዴት ይፈተሻል?

መኪናችሁ ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ ሲል ብዙ ጋራዥ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ «አሞርዛተሩ ሞቷል።» አሞርዛተር ማለት የመኪናው እግር (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ላይ ሞላው እንዳይወዛወዝ የሚያረጋጋው፣ ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። የአንድ ወዳጄን መኪና እንዲሁ ብለው የፊቶቹን ሁለቱንም ቀየሩለት። ገንዘቡ ወጣ፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። በኋላ ሲታይ ጥፋቱ የስታቢላይዘር ሊንኩ (ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ባር ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው አጭር ዘንግ) ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ከአሞርዛተሩ ጋር የማይወዳደር ትንሽ ዕቃ ነው።

ያለቀ አሞርዛተር አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። መኪናውን ያወዛውዛል፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ያስደፋል፣ ጎማ ይበላል፤ ጩኸቱ ግን የሚመጣው በዙሪያው ካሉት ጎሚኒዎች (የላስቲክ መጋጠሚያዎች)፣ ሊንኮችና ማውንቲንጎች (አሞርዛተሩ ከላይ ከአካሉ ጋር የሚታሰርባቸው ዕቃዎች) ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ ያዙ። ድምፁ ከየት ነው? አሞርዛተሩስ ይሠራል ወይ?

የስፖርት መኪና ላይ ነገሩ ይበልጥ ያደናግራል። ሞላው ደረቅ ነው፣ ጎማው ስስ ነው። ለምሳሌ ቶዮታ 86 ላይ 215/45 ባለ 17 ጎማ ሲገጠም የጎማው ጎን ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ሁሉ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይሄዳል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለ መኪና በሌላ መተካት ከባድ ነው። ያለውን ጠብቆ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

መጀመሪያ ባዶ አድርጉት

ክሪኩን፣ ተቀያሪ ጎማውን፣ የዕቃ መያዣው ውስጥ የሚንከባለለውን ሁሉ አውጡ። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ላልቶ እንደሆነም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእጅ ነካ ነካ አድርጉ። የቸርኬ ቡሎኖች መጥበቃቸውን እዩ።

ድምፁን የምታዳምጡበት መንገድ

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ፤ መንገዱ ጭር ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ አስፋልቱ ላይ ብዙ አትሰሙም። በኮሪደር ልማት የታደሱት ሰፋፊ መንገዶችም የእግር ችግር ይደብቃሉ። ወደ ውስጥ ወደ ኮብልስቶኑ ግቡ። ሬዲዮ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት። የግንብ አጥር ተጠግታችሁ ብትሄዱ ድምፁ ተመልሶ ስለሚመጣ በየትኛው ጎን እንዳለ ይለያል። አብሯችሁ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ እሱ ያዳምጥ፣ እናንተ መንገዱን እዩ።

ዋናው ፈተና እዚህ ጋ ነው። በዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ አብዛኛው መልስ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ሰው የማያልፍበት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፈልጉ። መጀመሪያ ቀጥ ብላችሁ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል እንዲወጡ አድርጋችሁ በዝግታ እለፉ። ከዚያ ተመልሳችሁ አንዱ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ ሰያፍ ግቡ። የስፖርት መኪና ዝቅ ያለ ስለሆነ ከታች እንዳይፋቅ ተጠንቀቁ። ቀጥ ስትሉ ጸጥ ብሎ ሰያፍ ስትገቡ ጠቅ ጠቅ ወይም ቋ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ስታቢላይዘሩን ጠርጥሩ። ምክንያቱም ስታቢላይዘር ባር ግራና ቀኙን የሚያገናኝ ብረት ነው። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ አብሮ ይዞራል እንጂ አይጠመዘዝም። አንዱ ብቻ ሲወጣ ግን ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ ሊንኩ ይጎተታል፣ ክፍተት ካለው ይንኳኳል። ኮብልስቶን ደግሞ ግራና ቀኙን እኩል አያነሳም። ድምፁ እዚያ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሊንኮቹን ፍቱ። አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስታችሁ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ባሩ ተወጥሮ ስለሚቆይ ቡሎኑ አይወጣም፣ ሲወጣም ይመታችኋል። የፊቱን ሁለት ጎን አንሱ፣ ከሥር የማቆሚያ ብረት አስገቡ፣ ከዚያ የግራና የቀኙን ፍቱ። ባሩ ምንም እንዳይነካ በሽቦ እሰሩት። አሁን በሰፈር ውስጥ ብቻ በዝግታ ንዱ። መኪናው መታጠፊያ ላይ ከወትሮው በላይ ያጋድላል፤ ስለዚህ ዋና መንገድ አትውጡ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ካልጠፋ ቢያንስ አንድ ዕቃ ከዝርዝሩ ወጣ፣ መልሳችሁ ግጠሙት።

ብዙ መካኒክ መኪናውን በአንድ ጎን አንስቶ ሊንኩን በእጁ ይነቀንቅና «ደህና ነው» ይላል። ሊንኩ በዚያ ሰዓት ተወጥሮ ስለሆነ ክፍተቱ አይታይም። ይልቅ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩት። በጎማው ኋላ እጃችሁን ሊንኩ ላይ አድርጉ። ሌላ ሰው መኪናውን ከጎን ይነቅንቅ። ላልቶ ከሆነ ጣታችሁ ላይ ጠቅ ሲል ይሰማችኋል።

ሌሎቹ ድምፆች

ኮብልስቶን ላይ እየተንጓጓ ሳለ ፍሬኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ንኩት። ድምፁ ወዲያው ቀጥ ካለ የፍሬን ሸራው ወይም ካሊፐሩ (ሸራውን የሚይዘው ዕቃ) ነው እንጂ እግሩ አይደለም።

ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ግር ወይም ድንግ ካለ የላይኛውን ማውንቲንግና ኩሽኔታውን እዩ። ሰው መሪውን ሲያዞር ከጎማው በላይ በኩል ሞላው ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ኩሽኔታው ከያዘ ሞላው ይወጠርና በድንገት ይለቃል።

ከኋላ ማርሽ ወደፊት ስትቀይሩና ፍሬን ስትይዙ አንዴ ድው የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የብራቾው (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ) ጎሚኒ ተቀዷል። ጠዋት በብርድ ሲጢጥ ብሎ ከሰዓት የሚተወውም ብዙ ጊዜ የደረቀ ጎሚኒ ነው። አንዳንዱ ዘይት ይቀባበታል፤ እኔ አልመክርም። ጎሚኒውን ያፋፋውና ቶሎ ይበላዋል።

ከፍጥነት ጋር የሚጨምር እምምም የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው። መታጠፊያ ላይ ከተቀየረ ይበልጥ እርግጠኛ ሁኑ።

ጎማውን አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁ የሚላወስ ከሆነ ቦል ጆይንቱ (ብራቾው ከጎማው በኩል የሚገናኝበት ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታው ነው፤ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ከሆነ የመሪ ዘንጉ ጫፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

አሞርዛተሩ ራሱ

ፓራፋንጎውን ተጭኖ መልቀቅ ሁሉም የሚያውቀው ፈተና ነው። ለስፖርት መኪና ግን አይታመንም። ሞላው ደረቅ ስለሆነ በሰው ክብደት ብዙም አይወርድም፤ ያለቀውም ጤነኛ ይመስላል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትንሽ ሰመጥ ያለ አስፋልት ላይ ማለፍ ይሻላል። ጤነኛ መኪና አንዴ ይነሳና ይረጋል። ሁለተኛ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ ሥራውን ትቷል።

መዳፋችሁን በጎማው ዙሪያ አስኪዱ። ከፍ ዝቅ የሚል፣ በየቦታው የተበላ ከሆነ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ እየዘለለ ነው።

ዘይትም እዩ። በአዲስ አበባ አቧራ ይህ ቀላል ነው፤ የሚያፈስ አሞርዛተር በራሱ ላይ ጥቁር ጭቃ ይሠራል። ስስ ላብ የመሰለ ነገር ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። በጨርቅ ጥረጉትና ለጥቂት ቀን ነድታችሁ መልሳችሁ እዩ። እንደገና ከረጠበ ይቀየራል። ክረምት ላይ ግን ውሃውን ከዘይት ለመለየት መንካት ያስፈልጋል።

የአቧራ መከላከያውን ከፍ አድርጋችሁ ውስጡ ያለውን የማቆሚያ ስፖንጅ ፈትሹ። ተፈርፍሮ ከሆነ ጉድጓድ ላይ የሚሰማው ድው የሚለው ድምፅ እሱ ነው። የሚያብለጨልጨው ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ዙሩ። ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ አሞርዛተሩ ምን ያህል እንደወረደ ይነግራችኋል።

የሁለቱን ጎን ከፍታም ከቸርኬው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። አንዱ ዝቅ ካለ ሞላ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የታችኛው ዙር ነው፤ መቀመጫው ውስጥ ስለሚደበቅ በዓይን አይታይም።

መቀየር ካለበት

ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር) ያገለገለ ብራቾ ብትገዙ አልቃወምም፤ ጎሚኒውን አዲስ ታደርጉታላችሁ። ያገለገለ አሞርዛተር ግን አትግዙ፤ ውስጡ ምን ያህል እንደቀረው ከውጭ አይታወቅም። ሁልጊዜ ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ። ሞላ ጨምቆ መፍታትና መግጠም በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም፤ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ለጋራዥ ስጡት፣ ግን አጠገቡ ቁሙ።

ስትቆሙ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ መካኒኩ ዳዶውን ለማጥበቅ ዘንጉን በፒንሳ እንዳይይዝ። የተጫረ ዘንግ የዘይት ማኅተሙን ይቀዳል፤ አዲሱ አሞርዛተር ሳይቆይ ያፈሳል። ሁለተኛ፣ የብራቾዎቹ ጎሚኒ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ሲያርፍ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ይህን የሚዘሉ ጋራዦች ብዙ ናቸው። «ወንድሜ፣ አውርደህ አጥብቅልኝ» ማለት አትፈሩ።

ቶዮታ 86ን በመሰሉ መኪኖች የፊት አሞርዛተሩ የታችኛው ቡሎን ሲፈታ የጎማው ዘንበል ይለወጣል። ስለዚህ ከጋራዡ በቀጥታ ዊል አላይመንት (የጎማ ዘንበልና አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ፤ በሳምንቱም የላይኛውን ዳዶ መልሳችሁ ፈትሹ።