ከደብረ ብርሃን ወጥቶ በሰው አገር ሚስዮናዊ ሆኖ ለመኖር

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን፣ ብዙ ሰው «ሞርሞን» ብሎ የሚያውቃት ማለት ነው፣ የሙሉ ጊዜ ሚስዮናዊ ሆነው ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ወጣቶች ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ያገለገልኩትም በጋና ነው። ከመሄዴ በፊት ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ የስብከቱ ነገር ነበር፤ በማላውቀው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ለማያውቀኝ ሰው ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ እያልኩ እጨነቅ ነበር። ደርሼ ሳየው ግን ስብከቱን እየዋለ እያደረ ሰው ይለምደዋል፤ ከባዱ ቀኑን በሥርዓት መኖርና ለ24 ወራት አብሮ እንዲያገለግል ከተመደበ ባልንጀራ ሳይለዩ ማደር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስረዳው የእምነቱን ትምህርት ሳይሆን የዕለቱን ኑሮ ነው።

ከቤት ሳይወጡ

ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ቤተሰባችሁን አነጋግሩ። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ቤተሰብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነው፤ ልጁ ሌላ እምነት መያዙ ብቻውን ከባድ ሐዘን ሆኖ ሳለ፣ ለዚያ እምነት ሲል አገር ጥሎ ሊሄድ ነው የሚለውን ወሬ ከጎረቤት ቢሰማ ሐዘኑ ወደ ቁጣ ይለወጣል። እናትና አባታችሁ ነገሩን ከእናንተው አፍ ይስሙት። በማኅበር ወይም በዝክር ቀን፣ ወይም ለቅሶ ባለበት ሰሞን አታንሡት፤ አባታችሁ የሚሰማውን አንድ ሽማግሌ፣ አጎት ወይም ጋሼ የምትሉትን ጎረቤት አስቀድማችሁ አማክሩና አብሯችሁ ይቀመጥ። የንስሐ አባት ቢመጡም ተነሥታችሁ ተቀበሏቸው፣ የሚሉትን እስከ መጨረሻው አድምጡ፣ ክርክር ግን አትግጠሙ።

አባቴ ያነሣብኝ ጥያቄ «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ለእኛ ምናችን ናቸው?» የሚል ነበር። የነገርኩት የማውቀውን አንድ ነገር ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ የቤተክርስቲያኗ አባላት በአንድነት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለተራቡት እንደሰጡና ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበ። አባቴ ያን ዓመት መንዝ ሆኖ ያየ ሰው ስለሆነ አቀርቅሮ ሰማኝ። እሺ አላለኝም፤ በምሄድበት ማለዳ ግን ደጅ ድረስ ወጥቶ መረቀኝ። ለምርቃቱ ስትሉ ጉዞውን አንድ ወር ማዘግየት ቢያስፈልጋችሁ አዘግዩ፤ ያለ ምርቃት የወጣ ሰው በሰው አገር በታመመ ሌሊት የሚያስታውሰው ያንን ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የተወሳሰበ አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው የትውልድ ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መግጠሙን ራሳችሁ ቆጥራችሁ አረጋግጡ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱም ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ይያዝ፤ ጋና ያለ እርሱ አታስገባም።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ብታውቁት መልካም ነው። በደረታችሁ ላይ የምታደርጉት ጥቁር የስም ሰሌዳ የሚይዘው የቤተሰብ ስም ነው፤ ወንዱ «ኤልደር»፣ ሴቷ «ሲስተር» ተብለው በዚያው ስም ይጠራሉ። በእኛ ፓስፖርት በቤተሰብ ስም ቦታ የሚሰፍረው የአያት ስም ስለሆነ፣ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራሁት በአያቴ ስም ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚጠራኝ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጠሩኝ ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለኝ አልዞርም ነበር፤ በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ ገብስ ሲያርስ ኖሮ ከመንዝ ወጥቶ የማያውቀው አያቴ በአክራ መንገድ ላይ ስሙ ሲጠራ ስሰማ፣ በዚያ ስም ክፉ ነገር ላለመሥራት ራሴን እጠብቅ ጀመር።

ሰዓቱ

ወጣት ወንዶች ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለ24 ወራት፣ ሴቶች ለ18 ወራት ያገለግላሉ። የተለመደው የቀን ሥርዓት የሚጀምረው ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ነው፤ በአገሬው ቆጠራ 6፡30 ይባላል። ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመር ቀላል ይመስላል፤ በቀጠሮ ላይ ሲሆን ግን ያሳስታል። እኔ በመጀመሪያው ወር በእንግሊዝኛ «በሦስት ሰዓት» ተብሎ የተሰጠኝን ቀጠሮ በእኛ ሦስት ሰዓት ቆጥሬ ጠዋት ሄጄ ሳጣት ተመለስኩ፤ አንዲትን እናት ከቀትር በኋላ ደጅ ሳስጠብቅ ውያለሁ። መድኃኒቱ በእጅ ሰዓትም ሆነ በስልክ የአገሩን አቆጣጠር ብቻ መያዝና ቀጠሮ ሲሰጥ «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከእንቅልፍ እንደተነሡ ጸሎት፣ ግማሽ ሰዓት የሰውነት እንቅስቃሴ፣ መታጠብና ቁርስ ይከተላል፤ ከዚያ የግልና የጋራ ጥናት አለ። ቀኑ የሚውለው ሰዎችን በማግኘት፣ በማስተማር፣ የታመመን በመጠየቅና ጉልበት የሚያስፈልገውን በማገዝ ነው፤ ማታ ከ3 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ቤት ተገብቶ የነገው ዕቅድ ይወጣል፣ 4፡30 ላይ መብራት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የተልዕኮው መሪዎች ሰዓቱን ከአገሩ ሁኔታ ጋር እንዲያስማሙ ስለተፈቀደላቸው ከቦታ ቦታ ልዩነት ይኖራል። ለደጋ ሰው የምመክረው በማለዳ ወጥቶ መሥራትን ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች በብርድ ያደገ ሰውነት የጋናን የቀትር ወበቅ ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ያን ሙቀት በጥቂቱ ያውቀዋል፤ እዚያ ግን ተመልሶ የሚወጣበት ደጋ የለም።

በሳምንት አንድ የመዘጋጃ ቀን አለ፤ በብዙ ቦታ ሰኞ ነው። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ልብስ ይታጠባል፣ ገበያ ይኬዳል፣ ለቤተሰብ ይደወላል። ነጭ ሸሚዝ በላብና በቀይ አፈር ቶሎ ስለሚበላሽ አንገትጌውን ማታ ማታ በሳሙና ማሸት ልመዱ፤ እስከ ሰኞ ካደረ አይለቅም።

ባልንጀራው

ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። ሚስዮናዊ ብቻውን አይሄድም፤ ከመታጠቢያ ቤት በቀር ባልንጀራው ከሚያየውና ከሚሰማው ቦታ አይርቅም። ባልንጀራውን የሚመርጠው እርሱ ሳይሆን የተልዕኮው ፕሬዝዳንት፣ በአካባቢው ያሉትን ሚስዮናውያን የሚመራው ሰው፣ ነው፤ በየስድስት ሳምንቱም የዝውውር ጊዜ ስላለ አንዱ ይሄድና ሌላው ይመጣል።

የእኛ ሰው በዚህ ኑሮ ላይ ሁለት ነገር ይጎዳዋል፤ አንዱ ኩርፊያ ነው፣ ሁለተኛው ነገርን ሸፍኖ መናገር። የመጀመሪያው ባልንጀራዬ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ ደግ ልጅ ነበር። ማለዳ ስጸልይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘምር ነበር። «ዛሬ በደንብ ተኝተሃል መሰለኝ፤ ድምፅህ አምሯል» አልኩት፤ ገብቶት ዝም የሚል መስሎኝ ነው። እርሱ ግን አመሰገነኝና በማግሥቱ ይበልጥ ዘመረ። እኔም አኮረፍኩ። ምን ሆነሃል ሲለኝ «ምንም» አልኩት፤ ምንም ካልሆንኩ ብሎ አመነኝ። በእኛ ቤት «ምንም» ያለ ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይለመናል፣ ሽማግሌ ይገባበታል፤ እርሱ ግን ቃሌን እንደ ቃሌ ወሰደው። ሦስት ቀን አብረን እየሄድን፣ አብረን እየበላን፣ ስለ ፍቅር እያስተማርን እኔ አኩርፌ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ነገሩን ገልጬ ስነግረው ደነገጠ፤ «ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርከኝም?» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የሠራልኝን ልንገራችሁ። በየሳምንቱ ዕቅድ ሲያልቅ ሁለቱ ባልንጀሮች ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ያስደሰተውንና ያስቸገረውን የሚናገርበት የተለመደ ጊዜ አለ። አዲስ ባልንጀራ በመጣ ቁጥር ያንን ቀን ሳልጠብቅ በመጀመሪያው ማታ ሦስት ነገር እነግረው ነበር፤ ስናደድ ዝም እንደምል፣ ዝምታዬ መጥፎ ምልክት መሆኑን፣ «ምንም» ስለው ደግሞ እንዲጠይቀኝ። የእርሱንም እጠይቀዋለሁ። ቅር ያላችሁን ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በአጭር ቃል፣ በቀጥታ ተናገሩ፤ ሰምና ወርቁን ለአገራችሁ ሰው አቆዩት። ሽማግሌ የሚያስፈልግ ደረጃ ከደረሰ የአካባቢው ሚስዮናውያን መሪ ወይም ፕሬዝዳንቱ ራሱ አለ፤ ወደ እርሱ መሄድ ማሳበቅ አይደለም።

ማዕድ

ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ በቤተክርስቲያኗ ሕግ አይፈቀዱም። ይህ አገር ቤት ሳላችሁ መለመድ አለበት። ከቡና ላይ ተነሥቶ መሄድ ቤቱን ያስቀይማልና ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በሉ፤ ቆሎውን ብሉ፣ ጨዋታውን ተካፈሉ፣ ሲኒው ሲቀርብ ብቻ «እትዬ፣ እኔ አልጠጣም፤ ውኃ ይስጡኝ» በሉ። ጠላና አረቄም እንዲሁ ነው። በእኔ ቤት ከሁለት ወር በኋላ እናቴ ሳልጠይቃት ወተት ታስቀምጥልኝ ጀመር።

በጋና የተሰጠን በቀኝ እጅ መቀበል፣ በቀኝ እጅ መስጠትና መብላት ግዴታ ነው፤ ግራ እጅ መዘርጋት ስድብ ነው። ብዙ ሰው ተቀምጦ ሲደርሱ ሰላምታው ከቀኝ ተጀምሮ ወደ ግራ ይሄዳል። ለሽማግሌ ተነሥቶ በሁለት እጁ ሲቀበል ላደገ የሸዋ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ እኔን ከሁሉ በፊት ያስወደደኝ ያ የቤት አስተዳደግ ነበር። ፉፉ በእጅ ተቆርሶ ከሾርባው ጋር ሳይታኘክ ይዋጣል፤ እንጀራ የለመደ እጅ ቶሎ ይማረዋል፣ ጉሮሮ ግን ጊዜ ይወስዳል። የመንዝ ገብስ በሶ ጉምሩኩ የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት ኪሎ ያህል ያዙ፤ ከመታመም በኋላ ሆድ የሚቀበለው እርሱን ብቻ ነው።

በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ተከታታይ ማዕድ፣ ከውኃም ጭምር፣ ይጾማል፤ ያልተበላው ምግብ ዋጋም ለድሆች ይሰጣል። ሁዳዴን ጾሞ ላደገ ሰው ቀላል ይመስላል፤ በዚያ ሙቀት ውኃ መከልከሉ ግን ከባድ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ በደንብ ጠጡ።

በር ላይ የሚጠየቀው

ጋናውያን ቤታቸውን በደስታ ይከፍታሉ፤ ጥያቄም ያውቃሉ። አንድ አረጋዊ ቀና ብለው «አንተ ጥቁር አይደለህምን? ይህች ቤተክርስቲያን አባቶቻችንን አልነበረምን የከለከለች?» ብለውኛል። እውነት ነው፤ ቤተክርስቲያኗ እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 1978 ድረስ ጥቁር ወንዶችን ለክህነት አትሾምም ነበር። ይህን አትሸፍኑት፣ አታለዝቡትም፤ ያላችሁን ሐዘንና ለምን እንደቆያችሁበት የራሳችሁን ምክንያት ተናገሩ። በጋና ከዚያ ዓመት አስቀድሞ፣ ሚስዮናዊ ሳይላክላቸው በራሳቸው ተሰባስበው ያመልኩ የነበሩ ሰዎች እንደነበሩም እወቁ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1989 እስከ ኅዳር 1990 ደግሞ የአገሩ መንግሥት የቤተክርስቲያኗን እንቅስቃሴ አግዶ፣ አባላቱ በየቤታቸው ሲያመልኩ ቆይተዋል። የምታገለግሏቸው ሰዎች ከእናንተ በላይ የከፈሉ መሆናቸውን አውቃችሁ ከማስተማራችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ጤናና ቤተሰብ

የደጋ ሰው ወባን በወሬ ነው የሚያውቃት። የመከላከያውን ኪኒን በታዘዘው ቀን ዋጡ፤ አጎበሩን በየማታው ከፍራሹ ሥር አስገቡ። ትኩሳት ከጀመረ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ የሚስዮናውያንን ጤና ለምትከታተለው ለፕሬዝዳንቱ ባለቤትም ንገሩ። ለኑሮ የሚሰጠው ገንዘብ ልክ ነው፤ በተቀበላችሁበት ቀን መጀመሪያ ሩዝ፣ ጋሪ የሚሉትን የካሳቫ ዱቄትና የትራንስፖርት ወጪ አስወጡ።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለቤተሰብ በየሳምንቱ መደወል ተፈቅዷል። ጋና ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን አገር ቤት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እናት ከገበያ የተመለሰችበት ሰዓት ስለሆነ ይመቻል። ስታለቅሱ አትደውሉ፤ እናታችሁ ሳምንቱን ሙሉ ያንን ድምፅ ይዛ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ለባልንጀራችሁ ንገሩት፣ ተረጋጉና ደውሉ፤ እንዳዘናችሁ ግን አትደብቋት።

ስትመለሱ አገልግሎቱ በአውሮፕላን ማረፊያ አያበቃም። መሪው በይፋ እስኪያሰናብታችሁ ድረስ ሚስዮናዊ ናችሁ፤ ከቦሌ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትርም ሰሌዳው ከደረት አይወርድም፤ ስለዚህ ስንብቱን አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን ለመፈጸም አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። እኔ ይህን ስላላወቅሁ ሰሌዳውን እንዳደረግሁ ቤቴ ደረስኩ። እናቴ ጽሑፉን ስታስነብብ የባሏን አባት ስም፣ የአያቴን ስም ሰማች፤ በጣቷ ዳሰሰችውና ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ሲጠራ ያልሰማሁትን የራሴን ስም ጠርታ ግባ አለችኝ።