ለአዲሱ የአይሱዙ ሹፌር፦ ዕቃ የማድረስ ሥራን እንዴት መልመድ ይቻላል

የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ገባህ እንበል። አይሱዙ ተረከብክ፣ ረዳትም ተሰጠህ። መንዳቱን ታውቃለህ። ሹፌርን የሚያከስረው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሪው አይደለም፣ ቆጠራው ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከደመወዜ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

መጀመሪያ፣ ሞተር ሳታስነሳ ዘይትና ውሃ እይ። ከዚያ መኪናውን ዙር። የኋላ ጎማ ጥንድ ስለሆነ የውስጠኛው ቢተነፍስም የውጭኛው ተሸክሞት ይሄዳል፣ በዓይን አያስታውቅም። በጎማ መፍቻው መታ መታ አድርገው። የተነፈሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ክሪክ፣ እስኮርታ (ትርፍ ጎማ) እና ታኮ መኖራቸውን አረጋግጥ። ሊብሬና ኢንሹራንሱ አንድ ቦታ ይቀመጡ፣ ትራፊክ ቆሞ እየጠበቀህ ጋቢና ውስጥ እንዳታስስ።

ቀጥሎ ጭነት። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ኩንታል አትለፍ። ሲሚንቶ ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ 80 ከረጢት 40 ኩንታል ነው። «አምስት እንጨምርበት፣ ምን ይሆናል» የሚልህ ጫኝ ፍሬኑን አይረግጥልህም። መጨረሻ የሚወርደውን መጀመሪያ ጫን። ቱሉ ዲምቱ አራግፈህ ኮዬ ፈጬ የምትሄድ ከሆነ የኮዬው ወደ ውስጥ ይግባ፣ የቱሉ ዲምቱው በር ላይ ይሁን። ይህን ያላሰበ ሰው ሙሉውን ጭነት ሁለት ጊዜ ያወርዳል። ጫኝና አውራጁም ሁለቴ ያስከፍለዋል።

አሁን ወደ ቆጠራው። ሥራ በጀመርኩበት ወር ቢራ ነበር የማደርሰው። ሙሉውን ሰጥተህ ባዶ ጠርሙስ ትረከባለህ። አንድ ግሮሰሪ ሳጥኖቹን ደርድረው ጠበቁኝ፣ እኔም ሳጥኑን ብቻ ቆጥሬ ፈረምኩ። መጋዘን ስመለስ ከሥር ያሉት ሳጥኖች ጎደሎ ናቸው። 24 መያዝ ያለበት ሳጥን 17 ይዟል። ፊርማው የእኔ ነው፣ ለማን አቤት ይባላል?

ከዚያ ወዲህ ሳጥን ሲነሳ አንድ በአንድ ከላይ አያለሁ። ረዳቴም ለብቻው ይቆጥራል። «ስንት አልክ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ቀድሜ አልነግረውም፤ ከነገርኩት የእሱ ቆጠራ ዋጋ የለውም። ቁጥራችን ካልገጠመ እንደገና ነው። ባለሱቋ «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፣ ሰው ቆሟል» ቢሉህ በትህትና ሳቅ በልና ቁጠር። ማስረከቢያው ላይ የተረካቢውን ሙሉ ስምና ፊርማ ሳትቀበል ጋቢና አትውጣ። ጎደሎ ካለ እዚያው ጻፈው፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከተማው ዳር ላይ አድራሻ ማለት ምልክት ነው። «ከማደያው አለፍ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ» ይሉሃል። ሳትነሳ ደውልና ሦስት ነገር ጠይቅ፦ አስፋልቱ የት ያልቃል፣ መኪና ይዞራል ወይ፣ ዝቅ ያለ የመብራት ሽቦ አለ ወይ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክ ቁጥሩን ያዝ። ከባድ መኪና በቀን የማይገባባቸው መንገዶችም አሉ፣ ሰዓቱን ነባር ሹፌሮችን ጠይቅ።

በክረምት በአቃቂ በኩል ያለው ዋልካ አፈር አይታመንም። ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ጎማህን ይውጣል። ወርደህ በእግርህ ሞክረው። ጫማህ ከሰመጠ አትግባ፣ በጋሪ ይውሰዱት። የቱቦ ክዳን ላይም አትውጣ። ወደ ኋላ ስትሄድ ረዳትህ ከእስፖኪዮው ከጠፋ ቁም። የት እንዳለ ሳታውቅ አንድ ስንዝር አትንቀሳቀስ።

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ለመቆጠብ ፎሌ የሚያደርጉ፣ ማለትም ማርሽ አውጥተው የሚለቁት አሉ። አትሞክረው። በፎሌ ሞተሩ መኪናውን አይይዝልህም፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ፍሬን እየተረገጠ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገባ፣ ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ አድርግ። ከኋላህ ክላክስ የሚነፋው ይንፋ።

ማታ ቁልፉን ሳታስረክብ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የቀዳኸውን ናፍጣ በራስህ ደብተር ጻፍ። የመጋዘኑ መዝገብ የመጋዘኑ ነው።