ድብርትና ምግብ፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቁርስ ሳንቀምስ ሁለት ሲኒ ቡና ጠጥተን ከቤት እንወጣለን። 4 ሰዓት ሲሆን ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው በደህና ሲያናግረን እንቆጣለን። ከዚያ "ጭንቀት ያዘኝ" እንላለን። ድሮም ጭንቀት ቶሎ የሚነሳበት ሰው ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። እናቶቻችን ቡና ያለ ቡና ቁርስ አያቀርቡም ነበር፤ ቆሎ ወይ ዳቦ አይጠፋም። እሱን እንመልስ። አመሻሽ ላይም ተጠንቀቁ፤ ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አብሯችሁ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሆደ ባሻ ይሆናል።

ጾም ድብርት ያመጣል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ጥሩ ምግብ ነው። የሚጎድለው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስለሚያከማች የዐቢይ ጾም 55 ቀን ብቻውን ጤነኛ ሰው ላይ እጥረት አያመጣም። ግን ኑሮ ተወዶበት በፍስኩም ሽሮ ብቻ የሚበላ ሰው ቀስ በቀስ ይጎድልበታል። ድካም፣ መርሳትና የእግር መደንዘዝ ከድብርት ጋር ከመጡ የደም ምርመራ ጠይቁ፤ "ሰነፍኩ" እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

እህቴ በድብርት የታመመች ጊዜ እኛም ተሳስተናል። ጥብስ ሠርተን "ብዪ እንጂ፣ ምን ጎደለብሽ?" እንላታለን። እሷ ታለቅሳለች። የምግብ ፍላጎት ማጣት የሕመሙ አንዱ ምልክት መሆኑን ማን ነገረን? በኋላ አጥሚት በትንሽ ኩባያ መስጠት ጀመርን፣ አጠገቧ ቁጭ ብለን እኛም እየበላን። ያኔ ትንሽ ትንሽ ቀመሰች።

መብላት ስትጀምር ደግሞ ሌላ ስህተት ልንሠራ ነበር፦ "ዳነች፣ መድኃኒቱ ይቅር" ማለት። በ2017 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። አመጋገባቸውን ለ12 ሳምንት ካስተካከሉት መካከል ሲሶ ያህሉ ከድብርቱ ወጥተዋል። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሕክምናቸውን አላቋረጡም ነበር። የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና የሕመሙ ማገርሸት ሊመጣ ይችላል። እህቴ መድኃኒቷን የቀነሰችው ከወራት በኋላ፣ ሐኪሟ በየጊዜው እያየቻት፣ ቀስ በቀስ ነው። አጥሚቱንም አልተወችም።