ስቴቱ የፈቀደውን ፌዴራሉ ሲከለክል፦ ዜግነት ላልያዘ አበሻ

አሜሪካ ስትገቡ በሁለት መንግሥት ሥር ነው የምትገቡት። አንዱ የፌዴራሉ ነው፣ ሌላው የምትኖሩበት ስቴት። አገር ቤትም ፌዴራልና ክልል ስለምንል ነገሩን የምናውቀው ይመስለናል። እዚህ ግን ሁለቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተለያየ ሕግ ይዘው ለዓመታት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ መሃል ላይ የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዜግነት ያልያዘ ሰው ነው። ስለዚህ "ተፈቅዷል እኮ" ሲሏችሁ መጀመሪያ "ማነው የፈቀደው?" በሉ።

ጉዳዩ የማን እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የፌዴራል ናቸው። መንጃ ፈቃድ፣ ጋብቻና ፍቺ፣ የኪራይ ክርክር፣ የነርስነት ፈቃድ፣ አብዛኛው የወንጀል ክስም የስቴት ነው። ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራሉ የሰጠውን ይዘረዝራል፤ በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ የቀረው የስቴቶቹና የሕዝቡ ነው ይላል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ የሁለቱም ነው። ገንዘቡን አብረው ያወጣሉ፣ የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው፤ ስለዚህ ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ የምትዛወሩ ከሆነ እዚያ እንደ አዲስ ማመልከት አለባችሁ፣ መስፈርቱም በጣም ጥብቅ ነው።

ሕጎቹ ተለያዩ ማለት ሁልጊዜ ተጋጩ ማለት አይደለም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው። የሜሪላንድ ግን ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። አሠሪው "የፌዴራሉን እከፍላለሁ" ቢላችሁ አትስሙት፤ የሚበልጠው ነው የሚከፈላችሁ።

አሁን ወደ አደገኛው እንምጣ። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ማሪዋና ገዝቶ እንዲጠቀም ፈቅዳለች። ሱቁ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ በር ላይ መታወቂያ ያያል። በፌዴራል ሕግ ግን ይህ አሁንም ክልክል ነው፤ ዜግነት የሚሰጠውም የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው። ያ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ ስቴቱ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀም ወይም በዚያ ንግድ ውስጥ መሥራት ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል ብሏል። ግሪን ካርድ ይዛችሁ እዚያ ሱቅ ካሸር ሆናችሁ መቀጠር ቀላል ሥራ ይመስላል። እባካችሁ ተዉት። ከውጭ አገር ስትመለሱ ኤርፖርት ላይም ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ መንጃ ፈቃድ የምታወጡበት ቢሮ ውስጥ ነው። በ1993 የወጣ የፌዴራል ሕግ ስላለ በአብዛኛው ስቴት ያ ቢሮ መራጭም ይመዘግባል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሠራተኛዋ ትቸኩላለች፣ እናንተም ፎርሙን ቶሎ ቶሎ ትሞላላችሁ፣ "የአሜሪካ ዜጋ ነኝ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ ትወጣላችሁ። ይህቺ አንዲት ምልክት አገር እስከማስባረር ልትደርስ ትችላለች። በተለይ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ፎርሙን ከመፈረማቸው በፊት መስመር በመስመር በአማርኛ አንብቡላቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው የታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች፤ ይህ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ለፕሬዝዳንት ወይም ለኮንግረስ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከመረጠ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

ፖሊስን በተመለከተ፣ ፌዴራሉ የስቴት ፖሊስን "ሕጌን አስፈጽምልኝ" ብሎ ማዘዝ እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ወስኗል። ስቴቱ አይተባበርም ማለት ግን የኢሚግሬሽን መኮንኖች ራሳቸው አይመጡም ማለት አይደለም።

በስቴት ፍርድ ቤት ከተከሰሳችሁ፣ ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም፣ "ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ጨርሰው" ሲሏችሁ አትቸኩሉ። በስቴቱ በቅጣት ብቻ የሚያልፈው ነገር ፌዴራሉ ዘንድ ግሪን ካርድ ሊያሳጣ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ይህንን መንገር አለበት ብሎ ወስኗል። መንግሥት ያቆመላችሁ ጠበቃም ቢሆን ጠይቁት፣ መብታችሁ ነው።

ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ፣ ዲሲ ስቴት አይደለችም። ምክር ቤቷ ያወጣውን ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል፤ በ2023 የወንጀል ሕግ ማሻሻያዋን ሽሮባታል።

አቤቱታም ቢሆን በር አለው። መንጃ ፈቃድ ከዘገየ ወደ ስቴቱ ተወካያችሁ ሂዱ። የዜግነት ማመልከቻችሁ ተቀምጦ ከቀረ ግን የስቴቱ ገዥ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም፤ የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉና ጉዳያችሁን እንዲከታተሉላችሁ ጠይቁ። የፈቃድ ፎርም ይልኩላችኋል፤ ፈርማችሁ ከማመልከቻው የደረሰኝ ቁጥር ጋር መልሱላቸው። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ለዚህም ዜጋ መሆን አያስፈልግም።