የኦቨን ችፕስ ሲልፈሰፈስ፣ ሲያር፣ ሲጣበቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

ዘይት ውስጥ የሚነከረውን ችፕስ ትተን በኦቨን እንስራው ያለ ሰው ሁሉ የሚያሰማው ሮሮ አንድ ነው፣ ልፍስፍስ አለብኝ፣ የተቀቀለ ድንች ሆነብኝ። ከዛ ምን ይደረጋል? ዘይት ይጨመራል። በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ይጨመራል፣ ትሪው ላይ ዘይት ይንጣለላል ድንቹ ግን ያው ነው፣ ለጤና ተብሎ የተጀመረው ነገር ከመጥበሻው ብሶ ቁጭ። የኦቨን ችፕስ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የውሃ መብዛትና የሙቀት ማነስ ነው እንጂ የዘይት ማነስ አይደለም፣ ስለዚህ የዘይቱን ጠርሙስ ከማንሳታችሁ በፊት ውሃው የት እንዳለ ፈልጉት።

መነሻ ልኩን ልንገራችሁና ወደ ችግሩ እንግባ። 1 ኪሎ ድንች፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ኦቨኑ 220 ዲግሪ፣ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ 240 ነው፣ ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 60 ካሎሪ ዘይት ማለት ነው። ከዚህ በላይ ዘይት የሚጠይቅ ድንች የለም፣ የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

"ልፍስፍስ አለ፣ ቀለምም አልያዘም"

የኦቨኑን መስታወት እዩት። ከገባ 10 ደቂቃ ሆኖት መስታወቱ በላብ ተሸፍኖ ውስጡ የማይታይ ከሆነ፣ ትሪው ላይም በድንቹ መሃል ውሃ እየተንጫጫ ከሆነ፣ ያ ድንች እየተጠበሰ አይደለም፣ በራሱ እንፋሎት እየተቀቀለ ነው። ድንች ከክብደቱ ወደ 80 በመቶው ውሃ ነው፣ 1 ኪሎ ስታስገቡ 800 ግራም ያህል ውሃ አብራችሁ አስገባችሁ ማለት ነው። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ደግሞ ሙቀቱ ከውሃ መፍያ አያልፍም፣ ጎንደር ከባህር ወለል በላይ 2100 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ ያ ወርቃማ ቀለምና ሽታ የሚመጣው ግን ላዩ ደርቆ 140 አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ኦቨኑ 220 ቢልም ድንቹ ላይ ያለው ሌላ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መጠቅጠቅ ነው። እንግዳ መጣ ተብሎ አንድ ኪሎው በሙሉ አንድ ትሪ ላይ ይከመራል። መፍትሄው እርስ በርስ ሳይነካካ አንድ ረድፍ ብቻ መደርደር ነው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ኦቨን ከሆነ ያላችሁ በአንዴ ግማሽ ኪሎ ይበቃዋል፣ ሁለት ዙር ስሩት። 15 ደቂቃ ላይ በሩን ለአፍታ ከፍታችሁ እንፋሎቱን ልቀቁት፣ ፊታችሁን ግን ዞር አድርጉ ይገርፋል።

ሁለተኛው ሳይደርቅ መግባቱ። የተከተፈውን ድንች በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃው ነጭ ወተት የመሰለ ይሆናል፣ ያ ስታርቹ ነው፣ ድፉትና ጥርት እስኪል እጠቡት። ከዛ በንጹህ ፎጣ ጠቅልላችሁ አሹት፣ ፎጣው ርሶ በሌላ እስክትቀይሩ ድረስ። ይሄን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ "በኦቨኑ ይደርቃል" ይላል፣ ይደርቃል ግን እስኪደርቅ ኦቨኑ ይቀዘቅዛል። ኩርሽም የሚል ከፈለጋችሁ ደግሞ ከደረቀ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁበት ከዛ ዘይቱን፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሶስተኛው ድንቹ ራሱ ነው። ውሃ የበዛበት ድንች ምንም ብታደርጉት ለችፕስ አይሆንም፣ ደረቅ ያለው ዱቄታም ድንች ነው የሚሆነው። ከኛ በላይ ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅ ደጋው ሁሉ የድንች አገር ስለሆነ ቅዳሜ ገበያ ምርጫ አይጠፋም፣ ሻጯን "እናቴ ለጥብስ የሚሆነው የቱ ነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ "ይሄን ውሰጂ እታለም፣ ያኛው ለወጥ ነው" ትላችኋለች፣ እሷ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በለጠ የሚባለውን ዝርያ ካገኛችሁ አትለፉት፣ በፈረንጆች 2009 ከሆለታ ምርምር የወጣ ነው፣ ውሃው ያነሰ ስለሆነ ለጥብስ ጥሩ ነው። እቤት የመጣውን ለመለየት ደግሞ 1 ስኒ ጨው በ11 ስኒ ውሃ በጥብጡና አንድ ድንች ጣሉበት፣ ከሰመጠ ዱቄታም ነው ለኦቨን ይሁን፣ ከተንሳፈፈ ለወጥ ወይ ለሰላጣ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ግዢ አንድ ድንች ብቻ መሞከር ይበቃል፣ ጨውም አይባክንም።

"220 ላይ አድርጌው አንድ ሰዓት ሙሉ አልበስል አለ"

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ኦቨኑ ተበላሸ ብሎ ባለሙያ ይጠራል። መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስቶቭና ምጣድ ለኩሶ አምፖሉ ደብዘዝ ካለ፣ የፍሪጁ ስታብላይዘር ቀጭ ቀጭ እያለ ከሆነ፣ ኦቨናችሁ ደህና ነው፣ ኃይሉ ነው የወረደው። ሰው የማያስተውለው ነገር የማሞቂያው ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፣ በስኩዌር ነው የሚወርደው፣ 220 ቮልት መግባት የነበረበት 180 ቢገባ ቮልቴጁ የጎደለው 18 በመቶ ገደማ ነው ጉልበቱ ግን ሲሶው ይሄዳል፣ ላዩ ላይ 1500 ዋት የተጻፈበት ኦቨን 1000 ዋት ብቻ ነው የሚሰራው። በሱ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ሙሉ ኪሎ ድንች ስትጭኑበት ምን ያድርግ።

የምታረጋግጡት ኦቨኑ ላይ ባለችው ትንሿ መብራት ነው። ኦቨኑ የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ መብራቷ ትጠፋለች፣ ከዛ ብልጭ ጥፍት እያለች ትቀጥላለች። ባዶውን ለኩሳችሁ 25 ደቂቃ ቆይታችሁም አንዴ እንኳ ካልጠፋች 220 አልደረሰም፣ መደወያው ላይ ያለው ቁጥር ምኞት ነው። መፍትሄው ከሰዓት በኋላ መስራት፣ ምጣድና ኦቨን አንድ ላይ አለመለኮስ (የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል)፣ መጠኑን መቀነስ፣ እና ኦቨኑን በቀጭን ኤክስቴንሽን አለመሰካት። ገመዱን በእጃችሁ ዳሱት፣ ከሞቀ እዛው ላይ ኃይል እየባከነ ነው፣ ለቃጠሎም አደገኛ ነው ወዲያው ንቀሉት። ደህና ኃይል ባለበት ሰዓትም መብራቷ የማትጠፋ ከሆነ ያኔ ባለሙያ ጥሩ፣ ማሞቂያው ወይ ቴርሞስታቱ ነው።

"ላዩ ጠቆረ ውስጡ ጥሬ ነው"

ወፍራም ከሆነ ቀጠን አድርጉት፣ ትሪው ከማሞቂያው ጋር ከተጠጋ ወደ መሃል አምጡት፣ ይሄ ቀላሉ ነው። ውፍረቱም ቦታውም ልክ ሆኖ ግን ገና በ15 ደቂቃ ጥቁር ቡኒ ከሆነ ድንቹ የት ነበር የተቀመጠው? ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ አገኛችሁት። ድንች ከ6 ዲግሪ በታች ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ስኳሩ ቶሎ ያርራል። ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም፣ በፈረንጆች 2002 ስዊድን ውስጥ እንደታወቀው ስታርች ያለው ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ በደረቅ ሙቀት ሲበስል አክሪላማይድ የሚባል ነገር ይፈጠራል፣ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚጠረጠር ነው፣ ስኳሩ በበዛና ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር እሱም ይበዛል። ስለዚህ ወርቃማ ሲሆን አውጡት፣ ቡኒውን አትጠብቁ። መዘፍዘፉም ላዩ ላይ ያለውን ስኳር ስለሚያጥብ ይቀንሰዋል። ድንቹን ሳታጥቡ በጆንያ ወይ በካርቶን ጨለማና ነፋሻ ቦታ አኑሩት፣ በጎንደር አየር ፍሪጅ አያስፈልገውም።

ውስጡ ጥሬ እንዳይሆን ቀድሞ ለብ አድርጎ መቀቀል ጥሩ ነው፣ ሌላ ቦታ 5 ደቂቃ የሚሉት እኛ ጋ ውሃው በ93 ስለሚፈላ 7 ወይ 8 ደቂቃ ይፈልጋል፣ የውጭ አሰራር በደቂቃው የተከተለ ሰው ጥሬ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስትቀቅሉት የሚፈራርስባችሁ ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩበት፣ አሲዱ ድንቹን አጥብቆ ይይዘዋል። ካጠለላችሁት በኋላ እንፋሎቱ እስኪወጣ ወንፊቱ ላይ 10 ደቂቃ ተዉት፣ አትክደኑት።

"ትሪው ላይ ተጣብቆ ቆዳው ቀረ"

ቸኩላችኋል። ድንች ከስሩ ቅርፊት ሲሰራ ራሱ ይለቃል፣ 20 ደቂቃ ሳይሞላ አትንኩት፣ በሹካ ነካ አድርጋችሁ እምቢ ካለ ሌላ 5 ደቂቃ ስጡት። ትሪውን ባዶውን ከኦቨኑ ጋር አብራችሁ አሙቁት፣ ድንቹ ሲያርፍበት ጭስስስ ማለት አለበት። ፎይል አትጠቀሙ፣ ፎይል ራሱ ከድንቹ ጋር ተልጦ ይመጣል። የኬክ ወረቀት ይሻላል፣ ካርቶኑ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ግን አንብቡ።

"መረረኝ"

በርበሬ ወይ ነጭ ሽንኩርት ቀድማችሁ ነስንሳችሁ ከሆነ እሱ አርሮ ነው፣ 220 ዲግሪን በርበሬ አይችለውም። ከወጣ በኋላ ትኩሱ ላይ ሚጥሚጣ ነስነስ፣ ወይም አዋዜ ጎኑ ላይ፣ በጾም ደግሞ ሰናፍጭ፣ እኔን ካላችሁ ከማዮኔዝ በስንት ጣዕሙ። ጨውም መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ጎትቶ ያወጣዋል ተመልሰን ወደ ልፍስፍሱ። ላዩ ላይ ያለ ጨው ምላስ ቶሎ ስለሚያገኘው ትንሹ ይበቃል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ እሱም ወጡን እንጀራውን ሁሉ ጨምሮ።

ቅመም ሳይነካው ከመረረ ግን አረንጓዴ ድንች ነው። ገበያ ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ ድንች ቆዳው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ከሱ ጋር ሶላኒን የሚባል መርዝ ይጨምራል፣ መቀቀልም ኦቨንም አያጠፋውም። ትንሽ ከሆነ አረንጓዴውንና የበቀለውን ጠልቃችሁ ቁረጡ፣ ከበዛ ጣሉት፣ ለልጆችማ ፈጽሞ።

"ሲበርድ አፍ ላይ ሞራ ሞራ አለኝ"

ዘይቱ ፓልም ነው። ጎንደር ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው እሱ ነው፣ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው፣ ሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ይሄ ወደ 11 በመቶ ነው። ለጤና ብላችሁ ኦቨን ከገዛችሁ በኋላ ፓልም መጠቀም ትንሽ ያስቃል። ሱፍ ወይ ኑግ አድርጉት፣ ያልተጣራው የኑግ ዘይት ጣዕሙ ስለሚጎላ ግማሹን ብቻ ቀላቅሉት። እና ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍስሱ፣ ድንቹን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ በማንኪያ ለክታችሁ በእጅ እሹት፣ ሁለት ማንኪያ ኪሎውን በሙሉ ሲያዳርስ ታያላችሁ።

"ጠረጴዛ እስኪደርስ ለሰለሰ"

ተከድኖ ነው። በፎጣም በክዳንም አትሸፍኑት፣ ሰፋ ያለ ሳህን ላይ በትኑት። ለልጅ ምሳ ዕቃ የሚሆን ምግብ አይደለም፣ ክዳኑ ውስጥ አልቦ ይጠብቃል። የተረፈውን ማይክሮዌቭ ሳይሆን ኦቨን ውስጥ 200 ላይ 6 ደቂቃ ያህል፣ ዘይት ሳትጨምሩ።

"መሃል ላይ መብራት ሄደ"

በሩን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ሙቀት ለተወሰነ ደቂቃ ያበስላል፣ መጨረሻው አካባቢ ከነበረ እሱ ራሱ ይጨርሰዋል። ቶሎ ካልመጣ አውጡና ወፍራም መጥበሻ ላይ በቡታ ጋዝ ያለ ተጨማሪ ዘይት እያገላበጣችሁ አድርቁት፣ እኩል ቀለም አይይዝም ግን ኩርሽም ይላል። ገና በገባ በ10 ደቂቃ ከሄደባችሁ ግን ችፕሱን እርሱት፣ ቀድሞ ለብ ያለ ድንች ስለሆነ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ አልጫ አድርጉት፣ ለዛ ቀን እራት ይሆናል።