በ32 ሰከንድ የሚቆረጥ ጥሪ፦ የሲፕ ፕሮክሲ ሎግና ትሬስ አከፋፈት

ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደንበኛዬ ደወለ። «መርካቶ ካለው ሱቄ ወደ ቢሮ ስደውል ይነሳል፤ ትንሽ እናወራና ቀጥ ይላል» አለኝ። የተከልኩለት ሲፕ ፕሮክሲ (የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ካማይሊዮ ነው። ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ሳላይ መገመት ትቻለሁ።

መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ስንት ቦታ እንደቀረ እዩ። እኔ አንዴ ዲበግ የሚባለውን ዝርዝር ሎግ ከፍቼ ቤቴ ገባሁ፤ ጠዋት ዲስኩ ጢም ብሎ ጠበቀኝ።

ከዚያ የሎጉን ደረጃ ከ2 ወደ 3 ከፍ አድርጉ። 3 ዲበግ ነው፤ ሁሉን ይዘከዝካል። ለዚህ ኮንፊግ ፋይሉን አትንኩ። ካምሲኤምዲ በሚባለው ትእዛዝ ሰርቨሩ እየሠራ ይቀየራል፤ ሪስታርት ስታደርጉት ደግሞ ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል።

አሁን ሰዓቱ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደንበኛዬ «ጠዋት 4 ከ20 ላይ ተቆረጠ» አለኝ። ስልኬ ላይ 10:20 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ስለሚሄድ ሎጉ ላይ 07:20 ነው የምታገኙት። ሰው የነገራችሁ የጠዋት ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፣ በቃ። እኔ ይህን እስካውቅ ስንት ቀን የሌላ ሰው ጥሪ ሳነብ ውያለሁ!

ሎግ ብቻውን አይበቃም፤ መልእክቶቹን ራሳቸውን ማየት፣ ማለትም ትሬስ መክፈት፣ ያስፈልጋል። የሲፕ መልእክቶችን የሚያሳየውን ኤስኤንግሬፕን ሲፕ በሚያልፍበት ፖርት 5060 ላይ ከፍቼ ደንበኛዬን እንደገና አስደወልኩት። (በቲኤልኤስ፣ ማለትም በ5061 ከሆነ ግን የተመሰጠረ ነገር ነው የሚታያችሁ፤ ያኔ የካማይሊዮን የራሱን ሲፕትሬስ ሞጁል ተጠቀሙ።) የጥሪውን መለያ፣ ኮል አይዲውን፣ ይዤ ተከተልኩ። ኢንቫይት (የጥሪ ጥያቄው) ሄደ፣ 180 (እየጠራ ነው) መጣ፣ 200 (ተነሳ) መጣ። ከዚያ ያው 200 ደግሞ መጣ። ደግሞ መጣ። መጀመሪያ በግማሽ ሰከንድ፣ በኋላ በየ4 ሰከንዱ። ስልኩን ያነሳው ወገን አክ (200 ደርሶኛል የሚል መልስ) እየጠበቀ ነው፤ አክ የለም። 32 ሰከንድ ሲሞላው ባይ የሚባለውን መልእክት ልኮ ጥሪውን ዘጋው።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ፕሮክሲው ሬኮርድ ራውት (ቀጣዮቹ መልእክቶች በእኔ በኩል ይለፉ የሚልበት መስመር) ላይ በ192.168 የሚጀምረውን የውስጥ አድራሻ ይጽፋል። መርካቶ ያለው ስልክ አኩን ወደዚያ ይልካል፤ የት ይደርሳል? ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ሊስን የሚለው መስመር ላይ በአድቨርታይዝ የውጭውን አይፒ ጨመርኩና ሪስታርት አደረግኩ።

ደንበኛዬ ደወለ። 31፣ 32፣ 33… አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ስለ ጨርቅ ዋጋ ማማረር ጀመረ። ትሬሱን አጠፋሁት፤ የሰው ስልክ ቁጥር አለበት።