ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ድንኳናችን ከውስጥ ሲረጥብ

ዝናብ ጠብ ሳይል ጠዋት ጠዋት የድንኳኑ ጣሪያ ከውስጥ ይንጠባጠባል። ስሊፒንግ ባጉም (የመኝታ ከረጢቱ) ይርሳል። መጀመሪያ ሸራው ያፈሳል ብዬ ላስቲክ ደረብኩበት። ባሰበት። በሁለተኛው ሌሊት ዚፑን ሁሉ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ፤ ያኔማ ጭራሽ በሰበስን።

ለካ ውሃው የራሳችን ትንፋሽ ነው! እርጥቡ አየር መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ውሃ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ላስቲኩን አነሳሁ። ድንኳኑን ከሐይቁ አርቄ ከፍ ያለ ቦታ፣ ዛፍ ሥር ተከልኩ (ጉማሬ ማታ ማታ ለግጦሽ ስለሚወጣ መጀመሪያውኑም ውሃው ዳር ማደር አልነበረብንም)። የላይኛው ሸራ ከውስጠኛው ጋር እንዳይነካካ በካስማ ወጠርኩት። ሁለቱን የአየር መውጫዎች ከፈትኩ፤ የትንኝ መረቡ ብቻ ተዘግቶ አደረ። እርጥብ ልብስና ጫማም ውጭ ቀረ።

ጠዋት ጣሪያውን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር።